ቅድምና ከላይ

ባለፈው ኅዳር ከቡሬ ወደ ፍኖተሰላም በተሳፈርኩበት ሚኒባስ ውስጥ አንድ ሰውዬ በርበሬ ጭኖ ኖሯል። ጆንያውን ከኋላ ወንበር ሥር ሸጉጦ፣ ምንም እንደማያውቅ ሰው ፊቱን በጋቢው ከልሎ ተቀምጧል። መኪናው ገና ከመናኸሪያው ሳይወጣ ከፊቴ ያለችውን ሴትዮ አስነጠሳት። ቀጥሎ ሾፌሩን፣ ቀጥሎ እኔን። ረዳቱ «ኧረ መስኮት ክፈቱ!» ቢል «ንፋስ ሊመታን ነው?» ብለው ከየወንበሩ ጮኹበት። የአገሬ ሰው እንዲህ ነው፤ በርበሬው ይፍጀው እንጂ ንፋስ እንዲነካው አይፈልግም። እንዲሁ እያስነጠስን፣ «ይማርሽ»፣ «ይማርህ»፣ «ያኑርህ» እየተባባልን ማንኩሳን አለፍን። እኔ ዓይኔ እያለቀሰ አፌ ይስቅ ነበር። ያ ሽታ ለሌላው ሰው የወጥ ሽታ ይሆናል፤ ለእኔ ግን የዘጠነኛ ክፍል ሽታ ነው።

ዘጠነኛ ክፍል የገባሁት ፕላዝማ የሚሉት የቴሌቪዥን ትምህርት በየሁለተኛ ደረጃው በተተከለ ሰሞን ነው። የእኛ ቀበሌ ከማንኩሳ ወደ ውስጥ ገባ ያለች ናት። ስምንተኛን ማንኩሳ ጨርሼ፣ ሚኒስትሪ አልፌ፣ አባቴ ፍኖተሰላም ቤት ተከራየልኝ። ቤት ስል ክፍል ማለቴ ነው፤ ክፍል ስልም ፍራሽ ከተነጠፈ በኋላ በሩ እስከ ግማሽ ብቻ የሚከፈት ክፍል ማለቴ ነው። ከሰፈራችን ሴት ልጆች እዚህ የደረስኩት እኔ ብቻ ስለነበርኩ አባቴን ያልመከረው ሰው አልነበረም። «ሞላ፣ ሴት ልጅ ከተማ ሰደህ እንዴት እንቅልፍ ይወስድሃል?» ሲሉት «በግራ ጎኔ ተኝቼ» ይላቸው ነበር። ቀልዱ ቀልድ ነው፤ ነገሩ ግን ቀልድ አልነበረም። ታናሽ እህቴ እናኑ ከኋላዬ እየመጣች ነው። የሷም የሌሎቹም ሴቶች ልጆች ነገር የሚወሰነው የእኔ መጨረሻ ከታየ በኋላ እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

አብራኝ የተከራየችው የጅጋዋ ፈንታነሽ ናት። ጅጋ መንገድ ዳር ያለች ከተማ ስለሆነች ፈንታነሽ አውቶቡስ እያየች ነው ያደገችው፤ ስለዚህ የማታውቀው ነገር የለም። የማታውቀውንም ቢሆን ታውቀዋለች። እኔ እጠይቃለሁ፣ እሷ ትመልሳለች፤ ኑሯችን በዚህ ስምምነት ላይ የቆመ ነበር። ያከራዩን እትዬ ዘውዴ የበርበሬ ነጋዴ ነበሩና ከጥቅምት ጀምሮ ግቢው በሙሉ ቀይ ይለብሳል። ከክፍላችን ወደ ውጭው በር የምታደርስ አንዲት ቀጭን መተላለፊያ ብቻ ይተዉልናል፤ እሷንም ስንረግጥ እንደ ድመት እየተጠነቀቅን ነው። ፍራሻችን፣ ደብተራችን፣ የፀጉራችን ሹሩባ ሳይቀር በርበሬ በርበሬ ይላል። ክፍል ውስጥ ከፊት ከተቀመጥን ከኋላችን ያለው ወንበር ያስነጥሰዋል።

ስሜ ይታይሽ ነው። ቁመቴ ደግሞ ከክፍሉ ሴቶች ሁሉ የረዘመ። ፕላዝማው ሲከፈት ከኋላዬ ያሉት ልጆች «ይታይሽ፣ ላንቺ ቢታይሽ ለእኛ አልታየንም፤ ዝቅ በይ!» ይሉኛል። ዝቅ እላለሁ። ያን ዓመት ግማሹን የተማርኩት አንገቴን ትከሻዬ ውስጥ ቀብሬ ነው።

ፕላዝማው በብረት ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ የሚኖር ትልቅ ጥቁር መስተዋት ነው። ሰዓቱ ሲደርስ ሣጥኑ ይከፈትና ሙዚቃ ይመጣል፤ ቀጥላ ፀጉሯ የማይነቃነቅ አንዲት መምህርት ብቅ ትላለች። «ጉድ ሞርኒንግ ስቱደንትስ!» ስትለን ቆርቆሮው እስኪንቀጠቀጥ «ጉድ ሞርኒንግ ቲቸር!» እንላታለን፤ እሷ ግን እኛ ሳንጨርስ ወደ ቀጣዩ ገጽ ሄዳለች። ጥያቄ ትጠይቃለች፣ ትንሽ ዝም ትላለች፣ እኛም ዝም እንላለን፤ ከዚያ ፈገግ ብላ «ቬሪ ጉድ!» ትለናለች። እንደዚያ ምንም ሳልሠራ የተመሰገንኩበት ዘመን ከዚያ በኋላ አልመጣልኝም።

ችግሩ መብራት ነበር። መሀል ላይ ድርግም ይላል። እኛ ጨለማውን መስተዋት አፍጥጠን እንጠብቃለን፤ ሲመጣ መምህርቷ እዚያው ቆማ አትጠብቀንም፤ ሩቅ ሄዳ እናገኛታለን። ያን ጊዜ እጇን አጣምራ «አዝ ዊ ሶው ኧርሊየር» ትላለች። በየቀኑ ናት። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ኧርሊየር፣ ኧርሊየር። አንድ ቀን ወደ ቤት ስንሄድ ፈንታነሽን ጠየቅኋት።

«ፈንታነሽ፣ ኧርሊየር ምንድን ነው?»

«አታውቂውም?» አለችኝ በሐዘኔታ። «አዲስ አበባ ያለ ትምህርት ቤት ነው። መብራት አይጠፋበትም። እሷ የምታስተምረው እዚያ ሁና ነው፤ ለእኛ ቅጂው ነው የሚመጣልን።»

አመንኳት። ለምን አላምናት? ሁሉ ነገር ልክ ገጠመልኝ። «እንዳየነው» ትላለች መምህርቷ፤ እኛ አላየንም፤ እንግዲያ ያዩ ልጆች አሉ ማለት ነው። እነዚያን የኧርሊየር ልጆች በዓይነ ሕሊናዬ አያቸው ጀመር። ዩኒፎርማቸው የተተኮሰ፣ ጠረጴዛቸው ያልተቦረቦረ፣ የሚያስነጥስም የለባቸው። ቅናት አይደለም የተሰማኝ፤ እንዲያውም ወደድኳቸው። አንድ ቀን ከእነሱ አንዷን ባገኝ ያመለጠኝን ሁሉ እንድትነግረኝ እለምናታለሁ ብዬ አስቤ ነበር።

መብራት ሲጠፋ የሁላችንም ፊት ይጠቁራል፤ የቲቸር አንዱዓለም ፊት ግን ይበራል። ቲቸር አንዱዓለም የእንግሊዝኛ መምህራችን፣ የደሴ ልጅ ነው። እንግሊዝኛን እንደ ሰው የሚወድ፣ ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣ ሻንጣ ሙሉ መጽሐፍ ይዞ የመጣ ወጣት። መጥቶ ያገኘው ሥራ ግን የፕላዝማውን ሣጥን መክፈትና መዝጋት ሆነ። ተማሪው «ባለቁልፉ» ይለው ነበር። መብራት ድርግም ሲል ታዲያ ባለቁልፉ ከጥግ ይነሣል፤ ሣጥኑን ጥርቅም አድርጎ ይዘጋል፤ እጁን ያፋትጋል። «በሉ እንግዲህ» ይላል፤ «አሁን ደሞ እኛ እናውራ።» የሚፈራ ተማሪ ካየ «አብሽሪ»፣ «አብሽር» ይላል። ቃሏን ከእሱ በፊት ሰምተናት አናውቅም፤ ከሱ ተምረን ለየእናቶቻችን ወሰድንላቸው።

በኅዳር አጋማሽ መብራት ለረጅም ጊዜ ሄደና ቲቸር አንዱዓለም የልቡ ደረሰለት። እያንዳንዳችን አንድ ነገር እንዴት እንደሚሠራ በእንግሊዝኛ ቆመን እንድንናገር አዘዘን። ወንዶቹ በሬ እንዴት እንደሚጠመድ፣ ቀፎ እንዴት እንደሚሰቀል መረጡ። እኔ በርበሬ አወጣጥን ያዝኩ፤ ለቀማውን፣ ፀሐይ ላይ አሰጣጡን፣ ነጭ የመታውን ከቀዩ መለየቱን። ከሁሉ በፊት ግን የበርበሬ ሕግ የመጀመሪያዋ አንቀጽ አለች፤ በነካሽበት እጅ ዓይንሽን አትንኪ። ይህችን መጀመሪያ ላይ ተናግሬ መጨረሻ ላይ ልደግማት አሰብኩ። «ቀደም ብዬ እንዳልኩት» የሚያሰኝ የእንግሊዝኛ ቃል ያስፈልገኛል ማለት ነው።

ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ካለ አንድ አሮጌ የሰዋስው መጽሐፍ አገኘሁት፤ «አዝ አይ ሜንሽንድ አባቭ»። ከላይ እንደጠቀስኩት። ልቤ በደስታ ዘለለ። ይህችን ነገር አውቃታለሁ! የቀበሌ ስብሰባ ላይ ካድሬው ሁሉ የሚላት ናት። ከላይ እንደተጠቀሰው፣ ከላይ በተገለጸው መሠረት። የትልቅ ሰው ቃል፣ ትከሻ ያላት። ኧርሊየርን አልነካኋትም፤ የሰው ትምህርት ቤት ምን አገባኝ ብዬ።

ተራዬ ደረሰና ወጣሁ። በደንብ ነበር የጀመርኩት። «ፈርስት፣ ዱ ኖት ተች ዩር አይስ» አልኩ። ለቀማውንም አሰጣጡንም በሙሉ አፌ ተናገርኩ። ቲቸር አንዱዓለም ጥግ ላይ ቆሞ በእያንዳንዷ ዓረፍተ ነገር አገጩን ይነቀንቃል። መጨረሻው ላይ ስደርስ ጉልበቴ በረታና ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

«አዝ አይ ሜንሽንድ አባቭ» አልኩ፤ ጣቴም ሳላዝዘው ወደ ላይ ተቀሰረ።

ክፍሉ በሙሉ አንጋጦ ጣሪያውን አየ። ከቆርቆሮው ሥር፣ ከእንጨቱ ላይ፣ አንዲት ድንቢጥ ቁጭ ብላ ታየናለች። ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ ተነሣና «ቲቸር፣ ከላይ ማን ጠቅሷት ነው?» አለ። መጥቀስ በቃል እንዳለ ሁሉ መጥቀስ በዓይንም አለና፣ ድንቢጧ ዓይኗን ጠቅሳኝ ተሽኮርምሜ የወጣሁ አስመሰለኝ። ሳቁ ድንቢጧን አባረራት።

ቲቸር አንዱዓለም አልሳቀም። እጁን አንሥቶ ዝም አሰኛቸውና ወደኔ መጣ።

«አብሽሪ ይታይሽ። ቃሉ ልክ ነው፤ ቦታው ነው የተሳሳተው» አለኝ። «ላይና ታች ያለው ወረቀት ነው። የጻፍሽው ነገር ከላይ ይቀራል፣ ስለዚህ አባቭ ትያለሽ። በአፍ የተነገረ ነገር ግን የት ይቀመጣል? ላይም ታችም የለውም፤ ቅድምና አሁን ብቻ ነው ያለው። ስትናገሪ አዝ አይ ሴድ ኧርሊየር፣ ቅድም እንዳልኩት፣ ነው የሚባለው። ገባሽ?»

እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ ነገሩ በድንቢጧ ያበቃ ነበር። እኔ ግን ራሴን ላድን ብዬ አፌን ከፈትኩ።

«ቲቸር፣ እኔ እኮ ኧርሊየር አልተማርኩም። ማንኩሳ ነው የተማርኩት።»

ከዚያ የሆነውን ልገልጸው አልችልም። ልጆች ከወንበር ወደቁ። በጎረቤት ክፍል የነበረው መምህር በር ላይ መጥቶ ቆመ። ቲቸር አንዱዓለም ራሱ ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዞረ፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ፈንታነሽን በዓይኔ ፈለግኋት። ጠረጴዛው ላይ ተደፍታለች፤ እየሳቀች ይሁን እየተደበቀች አይታወቅም።

«አንቺ ነሽ ትምህርት ቤት ነው ያልሽኝ!» አልኳት መንገድ ላይ እያለቀስኩ።

«ላንቺ ነገርሁሽ እንጂ፣ መች ለክፍሉ ንገሪ አልሁሽ?» አለችኝ። ለሷ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ግልጽ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ አባቭ ሆነ። በኮሪደር ሳልፍ ጣቶች ወደ ላይ ይቀሰራሉ። ቧንቧ ጋ ስቆም «አባቭ፣ ዝናብ አለ ወይ? እስቲ ጠይቂልን» ይሉኛል። የሌላ ክፍል ተማሪዎች፣ ስሜን እንኳ የማያውቁ፣ አባቭ የምትባል ልጅ እንዳለች ያውቃሉ። እኔ አፍ አውጥቼ መናገር ተውኩ። ፕላዝማዋ «ጉድ ሞርኒንግ» ስትል እንኳ ከንፈሬን አላንቀሳቅስም ነበር።

በዚህ መሀል ቲቸር አንዱዓለም ጠርቶ ጉድ አፈላብኝ። ከገና በፊት የእንግሊዝኛ ቀን ይከበራል፤ ከየክፍሉ አንድ ተማሪ በመላው ትምህርት ቤት ፊት ይናገራል፤ ከእኛ ክፍል አንቺ ነሽ አለኝ።

«ቲቸር! እኔ? የሳቁብኝ?»

«እስቲ ከክፍሉ የሌላውን ሰው ንግግር ንገሪኝ» አለኝ። «ስለ በሬው የተናገረው ልጅ ምን አለ?»

አላስታወስኩም።

«እኔም አላስታውስም። ያንቺን ግን ትምህርት ቤቱ በሙሉ በቃሉ ይዞታል። ሰው ዓይኑን በበርበሬ እጁ እንዳይነካ ያወቀው ካንቺ ነው። አስቢበትና ንገሪኝ።»

አሰብኩበት። አስቤም ወሰንኩ፤ ትምህርቱን ትቼ አገሬ ልገባ። ቅዳሜ አባቴ በርበሬ በአህያ ጭኖ ገበያ ይመጣል፤ ጠዋት የወላጆች ስብሰባ ስላለ መጀመሪያ ትምህርት ቤት ይደርሳል። ስብሰባውን ይጨርስ፣ በርበሬውን ይሽጥ፣ ከዚያ አህያዋ ባዶዋን ከምትመለስ እኔን ከነፍራሼ ትጫን። አርብ ማታ ፍራሹን ጠቅልዬ በገመድ አሰርኩት። ደብተሬንና ኩባያዬን በነጠላ ቋጠርኩ። በዚያን ቀን ብቻ ጠያቂዋ ፈንታነሽ ሆነች። «እናኑስ?» ብቻ አለችኝ። ስለ እናኑ እንዳላስብ ነበር ፍራሹን ያን ያህል አጥብቄ ያሰርኩት።

ስብሰባው አዳራሽ ውስጥ ሲሆን ተማሪም ከወላጁ ጎን ይቀመጥ ተብሎ ነበር። አባቴ ዱላውን በጉልበቶቹ መሀል አቁሞ፣ እጆቹን ደራርቦበት ተቀመጠ። አለቃ ነኝ የሚል ከወረዳ የመጣ ሰውዬ ረጅም ሪፖርት ማንበብ ጀመረ። ከወረቀቱ ዓይኑን አያነሣም። «ከላይ እንደተጠቀሰው» ይላል። ትንሽ ሄዶ «ከላይ በተገለጸው አቅጣጫ መሠረት» ይላል። ያን ጊዜ ለገበሬ «ከላይ» ማለት አንድ ትርጉም ብቻ ነበረው። ማዳበሪያው ውሰዱ የሚባለው ከላይ ነው፤ ስብሰባው የሚጠራው ከላይ ነው፤ ከላይ የመጣ ነገር አይጠየቅም። ሰውዬው «ከላይ» ባለ ቁጥር ሽማግሌዎቹ ትንሽ አንገታቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር።

አባቴ ግን እጁን አወጣ። እኔ ወንበር ውስጥ ልሰምጥ ፈለግሁ።

«እድሜ ይስጥልኝ ጌታው» አለ ተነሥቶ። «አንዲት ነገር አልገባችኝም፤ ቢያስረዱኝ ብየ ነው። ከላይ ተጠቅሷል፣ ከላይ ተገልጧል ይላሉ። ከላይ ያሉት እነማን ናቸው? ከዞን ናቸው ወይስ ከክልል? ወይንስ...» አለና ያን የሚያህል ጣቱን ወደ ጣሪያው ቀሰረ፤ «ወይንስ ከዚያም ወዲያ ነው?»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ሽማግሌዎቹ፣ እናቶቹ፣ መምህራኑ፣ ሁሉም። እኔ የአባቴን ጣት ብቻ ነበር የማየው። የእኔው ጣት ነው! ያቺው ስሕተት፣ ያቺው ጣሪያ። አሁን ይቀመጣል፣ አሁን ፊቱን በጋቢው ይሸፍናል ብዬ ጠበቅሁ። አባቴ ግን ከሁሉ ጋር ይስቃል። ጥርሱን እያሳየ፣ ዱላውን ተደግፎ፣ ሰው ስቆ እስኪጨርስ ቆሞ ይጠብቃል።

ሪፖርት አቅራቢው ራሱ ሳቁን መግታት አቃተው። «አይ አባቴ! ከላይ ማለቴ ከዚህ ወረቀት ላይ ከፍ ብሎ የተጻፈውን ነው» አለ።

«አሃ! እንዲያ ኑሯል?» አለ አባቴ። «ወረቀቷ እርስዎ ዘንድ ሁና እኛ በምን እንያት? በሉ ገባኝ። እንግዲያ ቅድም ያነሷት የውሃ ነገር፣ ያች የሴቶች ልጆች መታጠቢያ፣ ከምን ደረሰች? መልሷን ሳልሰማ አልቀመጥም።»

ቅድም አለ! ግድግዳውን ተደግፎ የቆመው ቲቸር አንዱዓለም ቀና ብሎ በአዳራሹ ሁሉ ፈለገኝ። ዓይናችን ሲገናኝ በከንፈሩ ብቻ «ቅድም» አለኝ። አባቴ መጽሐፍ አላነበበም፣ ማንም አላስተማረውም፤ በአፍ የተነገረ ነገር ቅድም እንጂ ከላይ እንዳልሆነ ግን ከተወለደ ጀምሮ ሲናገረው ኖሯል። እኔም እንዲሁ። በአማርኛ ቢሆን ድንቢጥ ፍለጋ አልሄድም ነበር። ሳቄ መጣብኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ፣ ትንፋሽ እስኪያጥረኝ ሳቅሁ። ሰውዬው ለመታጠቢያው መልስ ሰጠ፤ ከፋሲካ በፊት ይሠራል አለ፤ ተሠራም።

ከስብሰባው ወጥተን ወደ ቤቴ ስንሄድ አባቴ ከፊት ነው፣ እኔ ከኋላ።

«አባ፣ ያ ሁሉ ሰው ሲስቅብዎ አላፈሩም?»

«ለምን አፍራለሁ? ጠየቅሁ፣ ገባኝ። ሳይገባኝ ብመለስ ነበር ማፈር።» ትንሽ ሄደና ዞረ። «ደሞ ያ ሁሉ ወላጅ ከሩቅ መጥቶ በሪፖርቱ አንቀላፍቶ ነበር፤ ነቃ አለ እኮ።»

«የምርዎን ግን አልገባዎትም ነበር? ወይስ ሆን ብለው ነው?»

አባቴ ቆሞ አየኝ። ጎጃሜ ነውና ሲቀልድ የዓይኑ ጥግ እንጂ አፉ አይናገርም። «አንቺ ምን መሰለሽ?» አለኝና መንገዱን ቀጠለ። እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

በሩን ስከፍት የታሰረው ፍራሽ መሀል ላይ ቆሞ ተቀበለን። ረስቼው ነበር። አባቴ ፍራሹን አየ፣ የተቋጠረውን ነጠላ አየ፣ እኔን አየ።

«ምን ሁነሽ ነው ፍራሹን ያሰርሽው?»

«ለማራገፍ» አልኩ፤ አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው። «በርበሬ ገባበትና... ላራግፈው።»

ሞኝ አይደለም አባቴ። ኩባያ በነጠላ ቋጥሮ ፍራሽ የሚያራግፍ ሰው እንደሌለ ያውቃል። «እንግዲያ ነይ እናራግፋት» አለኝ። ገመዱን ፈታ። እሱ በአንድ ጫፍ እኔ በአንድ ጫፍ ይዘን በእትዬ ዘውዴ በር ላይ ወጥተን አራገፍናት። የወጣው አቧራ ቀይ ነበር። እሱን አስነጠሰው፣ እኔን አስነጠሰኝ፤ ፈንታነሽ ከውስጥ «ይማራችሁ!» እያለች ትስቃለች፤ በመጨረሻ እሷንም አስነጠሳት። ዓይናችን እያለቀሰ ሁለታችንም መቆም እስኪያቅተን ሳቅን። ከዚያ አባቴ ፍራሹን ራሱ አስገብቶ፣ በቦታዋ አንጥፎ፣ በመዳፉ ጠፍ ጠፍ አደረጋት። ዱላውን አንሥቶ ወደ በርበሬው ገበያ ሄደ። አባቴን ያን ቀን እንደወደድኩት ማንንም ወድጄ አላውቅም።

ሰኞ ጠዋት ቲቸር አንዱዓለም ጋ ሄድኩ።

«እናገራለሁ» አልኩት። «ግን ሰሌዳ ይፈቀዳል?»

«ለምን?»

«ለመጻፍ።»

ቅንድቡን አነሣ። ከዚያ ቀስ ብሎ ገባው መሰለኝ፤ እንደዚያ መብራት ሲጠፋ እንደሚበራው ፊቱ በራ። «ሁለት ልጆች አሸክሜ አመጣልሻለሁ» አለኝ።

የእንግሊዝኛ ቀን የዋለው ግቢው ውስጥ፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ነው። ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ያለው ተማሪ ሁሉ ሣሩ ላይ ተኮልኩሏል። ሰሌዳው ወንበር ተደግፎ ቆመ። ስሜ ሲጠራ ከኋላ በኩል ሹክሹክታው እንደ ንብ ተነሣ፤ አባቭ ናት፣ አባቭ መጣች። ጣቶቹ ከወዲሁ ተዘጋጅተው ጉልበት ላይ ተቀምጠዋል። የምትባለውን ቃል እየጠበቁ ነው፤ ስትባል ወደ ሰማይ ሊተኩሷት።

አንገቴን አልቀበርኩም፤ ቁመቴን ሙሉውን ወጣሁ። ጠመኔውን ይዤ መጀመሪያ ሰሌዳው አናት ላይ በትልልቅ ፊደል ጻፍኩ፤ ዓይንህን አትንካ የምትለዋን፣ በእንግሊዝኛ። ጮክ ብዬ አነበብኳት። ከዚያ ወደ ተማሪው ዞርኩና ስለ ለቀማው ጀመርኩ፣ ስለ አሰጣጡ፣ ዝናብ ሲያስፈራራ መንደሩ በሙሉ ጆንያ ይዞ እንዴት እንደሚሯሯጥ። ከመምህራን ወንበር አንድ ሰው ሳቀ፤ መልካም ሳቅ ነበር። ከሥር ከሥር ግን ሁሉም መጨረሻውን እንደሚጠብቁ አውቃለሁ። እኔም እጠብቀው ነበር።

ደረሰ። ትንፋሼን ሳብኩ።

«አዝ አይ ሜንሽንድ...» ብዬ አቆምኩ።

ጣቶቹ ተነሡ። ስንት ጣት እንደሆነ እንጃ፤ ሣሩ ላይ ጣት የበቀለ ይመስል ነበር። ሳቁ ከጉሮሮ ሊወጣ አንድ ቃል ብቻ ቀርቶታል። እኔም ጣቴን አነሣሁ። ከእነሱ ጋር ወደ ሰማይ አነሣሁና፣ ቀስ ብዬ አዙሬ፣ ሰሌዳው አናት ላይ ያለችው ጽሑፍ ላይ አሳረፍኳት።

«...አባቭ!» አልኩ።

ዓይን ሁሉ ጣቴን ተከትሎ ሰሌዳው ላይ ደረሰ። ጽሑፏ እዚያው ናት፤ ከላይ፣ ጠመኔዋ ገና ሳይረግፍ። ማንም ምንም ሊል አይችልም፤ ትክክል ነው። ከዚያ ወደነሱ ዞርኩና ያችኑ ጣት አፌ ላይ አድርጌ፣

«ኤንድ አዝ አይ ሴድ ኧርሊየር፣ ዱ ኖት ተች ዩር አይስ!» አልኩ።

መጀመሪያ የሳቀው ቲቸር አንዱዓለም ነው። ወደ ሰሌዳ ዞሮ አልነበረም ያን ጊዜ፤ ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጭኖ በግላጭ ሳቀ። ቀጥሎ የእኛ ክፍል፣ ቀጥሎ ግቢው በሙሉ። ጭብጨባው ባሕር ዛፎቹ ላይ የነበሩትን ወፎች አስነሣቸው። ያ «ከላይ ማን ጠቅሷት ነው» ያለው ልጅ ራሱ ጓደኛው ትከሻ ላይ ወጥቶ፣ ጣቱን ቀስሮ፣ «አባቭ! አባቭ! አባቭ!» ማለት ጀመረ፤ ተማሪው ሁሉ ተቀበለው።

ጠመኔውን አስቀምጬ እጄን በቀሚሴ ጠረግሁና፣ ቀና ብዬ፣ በአገራችን ወግ «አቤት!» አልኳቸው።